አባት ሳለ የሚነገር

የቤተሰብ ድርጅት ከመሥራቹ ወደ ልጆቹ ሲሻገር ምን ያፈርሰዋል? ምንስ ያቆመዋል?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ኦሊምፒክ ስታዲየም ብቻውን እየሮጠ ገባ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና አምስት ሳምንቱ ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ መስመሩን ካለፈ በኋላም ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ከአራት ዓመት በፊት ሮምን በባዶ እግሩ ያቋረጠው ሰው በዚህ ቀን ጫማ አድርጎ ነበር። ጫማው ፑማ ነው።

ፑማ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ኩባንያ ነበር፤ የተወለደውም ከአንድ ቤተሰብ ጠብ ነው። በደቡብ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ሄርዞገናውራህ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳስለር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ታናሹ አዶልፍ፣ ቤተሰቡ አዲ የሚለው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መልስ በእናቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ጫማ መሥራት ጀመረ። ታላቁ ሩዶልፍ ተቀላቀለውና እ.ኤ.አ. በ1924 ፋብሪካውን በወንድማማችነታቸው ስም አስመዘገቡ። አዲ ዝምተኛ ባለሙያ ነው፣ ቀኑን ከቆዳና ከመርፌ ጋር ይውላል። ሩዶልፍ አንደበተ ርቱዕ ነጋዴ ነው፣ ገበያ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ የእነሱን ጫማ አድርጎ አራት የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ፤ የዳስለሮች ስምም ከጀርመን ውጭ ተሰማ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ከወላጆቻቸውም ጋር በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ቀን ፋብሪካ ውስጥ የተኳረፉ ሰዎች ማታ አንድ ደረጃ ይወጣሉ። በከተማው እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ሌሊት አዲና ሚስቱ ወደ መሸሸጊያው ሲወርዱ ሩዶልፍ ከነቤተሰቡ ቀድሟቸው ተቀምጦ ነበር አሉ። አዲ ገብቶ «እነዚያ ርጉሞች ደግሞ መጡ» አለ። እሱ የተናገረው ስለ አውሮፕላኖቹ ነው ይባላል፤ ሩዶልፍ ግን ስለ እኔና ስለ ልጆቼ ነው ብሎ ያዘው። በሚነገረው ታሪክ ውስጥ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጦርነቱ አልቆ አሜሪካውያን ሩዶልፍን ሲያስሩት ደግሞ የጠቆመብኝ ወንድሜ ነው ብሎ ጠረጠረ። ያልተጠየቀው ነገር በላዩ ሌላ እየተከመረበት ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1948 ተለያዩ። ማሽኑን፣ ዕቃውን፣ ሠራተኛውን ተካፈሉ። እናታቸው ወደ ሩዶልፍ፣ እህታቸው ወደ አዲ ወገኑ። ሩዶልፍ አውራህ የተባለውን ወንዝ ተሻግሮ ፑማን መሠረተ፤ አዲ በዚህኛው ዳር ቀርቶ ከስሙና ከቤተሰቡ ስም መነሻ ፊደሎች አዲዳስን አወጣ። ከተማዋም ለሁለት ተከፈለች፤ ነዋሪው ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት ጫማውን ያያል እየተባለ ተወራላት። ወንድማማቾቹ ሲሞቱ የተቀበሩት በአንድ መካነ መቃብር ውስጥ ተራርቀው ነው።

ከጠቡ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ስለወጡ መለያየቱ በጀ የሚል ይኖራል። የቤተሰቡን መጨረሻ ያየ ግን እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሩዶልፍ ልጆች የፑማ ድርሻቸውን ሸጡ፤ በ1990 ደግሞ የአዲ ቤተሰብ አዲዳስን ለፈረንሳዊው ነጋዴ ቤርናር ታፒ ሸጠ። ስሞቹ ቀሩ፣ ባለቤትነቱ ከቤቱ ወጣ። የሁለቱ ኩባንያ ሠራተኞች በአንድ ሜዳ ተገናኝተው የዕርቅ ኳስ የተጫወቱት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያን ጊዜ የታረቁት ተቀጣሪዎቹ ናቸው።

ዳስለሮች ሙያም ገበያም ነበራቸው። ያልነበራቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን እንደሚወስን የሚል ደንብና ቅሬታ የሚነገርበት መድረክ ነው። የቤተሰብ ድርጅት አስተዳደር የሚባለው ነገር ከሥር ከመሠረቱ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሱቅ ሲዘጋ

አሁን ወደ መርካቶ እንምጣ። የሚከተለው የአንድ ሰው ቤት ታሪክ አይደለም፤ በሸማ ተራም በሚሊተሪ ተራም፣ በአዳማም በሐዋሳም በየቤቱ የሚደጋገም ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። አባት የቀኑን ሽያጭ ቆጥረው በላስቲክ ያስራሉ። ትልቁ ልጅ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ያደገ ነው፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ደመወዝ ግን የለውም፤ ሲያስፈልገው ይወስዳል። ሒሳብ የተማረችው ልጅ የታክስ ወረቀቱን ትሠራለች። ሦስተኛው ዋሽንግተን ነው፤ ዕቃ ወደብ ላይ ቆሞ ገንዘብ በጠፋበት ዓመት ዶላር ልኮ ቤቱን አትርፏል። የላከው ብድር ይሁን ስጦታ ወይም ድርሻ ማንም አልጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። እናት ንግዱ በአንዲት ጠባብ መደብር ሲጀመር ከአባት ጎን ቆመው የሸጡ ናቸው፤ ዛሬ ስማቸው በንግድ ፈቃዱ ላይ የለም። የዱቤው መዝገብ ደብተር ላይ ግማሹ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ቀሪው በአባት ጭንቅላት ውስጥ ነው። ክፍለ ሀገር ላሉ ደንበኞች በቃል የተሰጠ ዕቃ አለ፣ ከጓደኛ ጋር በእኩል የተገዛ መጋዘን አለ፣ በሌላ ሰው ስም የተቀመጠ መኪና አለ።

አንድ ቀን ትልቁ ልጅ ደፍሮ ይጠይቃል፤ «አባዬ፣ የዚህ ቤት ነገር ወደፊት እንዴት ይሁን ትላለህ?»

«ምነው፣ ሞቴን ተመኘህ?»

ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ልጁ አፍሮ ይወጣል፣ አባትም ሲያዝኑ ያድራሉ። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ልጁ የጠየቀው ስለ ሥራ ነው፤ አባት የሰሙት ስለ መቃብር ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳ አይኖርም፤ ባለማንሳታቸውም ሁሉም እርስ በርሳቸው የተከባበሩ ይመስላቸዋል።

ይህ ዝምታ ሥር አለው። ሀገራችን የንግድ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ልምድ አንድ ሙሉ ትውልድ አጥታለች። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችንና ታላላቅ የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለተረፈው የግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር። ከዚያ በላይ ማደግ ወንጀል ሆነ። አባት ሀብቱን ለልጁ የሚያሳይበት ዘመን አልነበረም፤ ልጅ ጎረቤት ጋ ሄዶ አንድ ቃል ቢያመልጠው ቤት ይፈርሳል። ዝም ማለት ቤተሰብን መጠበቂያ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል በዚያ ዘመን ሕይወት አድኗል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ሲከፈት ንግድ የጀመሩት ሰዎች በዚያ ዝምታ ያደጉ ናቸው። በ25 ወይም በ30 ዓመታቸው ሱቅ የከፈቱ ዛሬ ወደ ስልሳዎቹ ገብተዋል። አስመጪው፣ ወፍጮ ቤት የጀመረው፣ ሆቴል የሠራው፣ የትራንስፖርት ማኅበር ያቋቋመው፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ወደ ርክክቡ እየቀረቡ ነው። ብዙዎቹ ድርጅት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አላዩም፤ አባቶቻቸው ያስተላለፉላቸው ድርጅት አልነበረምና። ልምዱን የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። ከውጭ ጠላት የጠበቃቸው ዝምታ አሁን ከውስጥ የሚበላቸው ለዚህ ነው።

በማግስቱ

መሥራቹ በድንገት ቢያልፉ ምን ይሆናል? ድንኳኑ ሳይነሳ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። ባንክ በሟች ስም ያለውን ሒሳብ የፍርድ ቤት ማስረጃ ካላየ አይከፍትም። አስመጪ ከሆኑ በባንክ የተከፈተ የመተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) አለ፣ ወደብ ላይ በየቀኑ ኪራይ የሚቆጥር ዕቃ አለ፣ የወር ደመወዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ። ቤተሰቡ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ካልተስማማም የውርስ አጣሪ ይሾማል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው፤ ግልጽነቱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው፤ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው አይለውጠውም፣ የግሌ ነው የሚል ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ስማቸው ንግድ ፈቃዱ ላይ የሌለው እናት የድርጅቱ ግማሽ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ከባሏ፣ ባልም ከሚስቱ ያለ ኑዛዜ አይወርሱም። ወራሾቹ ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሱቁ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆመው፣ ዋሽንግተን ያለው፣ ያገባችውም ሴት ልጅ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደም ካለ፣ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ሙስሊም ቤተሰቦች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከተስማሙ የድርሻው ስሌት ሌላ ነው።

እኩልነቱ ፍትሐዊ ነው። ችግሩ ድርጅት እንደ ጤፍ በቁና አለመካፈሉ ነው። ሱቅ ለአምስት ወራሽ ሲከፈል አምስት ሱቅ አይሆንም። ሥራውን የሚያውቀው ልጅ ያለ አራቱ ፊርማ ቼክ መፈረም አይችልም፤ አራቱም ያለ እሱ የትኛው ደንበኛ ምን ያህል እንዳለበት አያውቁም። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ሐራጅ ነው።

ኑዛዜ መውጫ ነው፤ ግን በወጉ ካልሆነ አይጸናም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ የቀብርን ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው የሚሸፍነው። አባት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው «ሱቁን ለትልቁ ሰጥቻለሁ» ቢሉ ሰሚው ሁሉ ቢያለቅስም ቃሉ በሕግ ፊት ሱቅ አያስተላልፍም።

ብዙ ነጋዴ ድርጅቴ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ ይህ አይመለከተኝም ይላል። እዚያም ቤት ሌላ ጣጣ አለ። የድሮው የንግድ ሕግ ቢያንስ ሁለት አባል ይጠይቅ ስለነበር ብዙ ሰው ሚስቱን ወይም ልጁን ለወረቀት ያህል አስገብቶ ማኅበር አቋቋመ። ልጁ አሥር በመቶ እንዳለው የሚያውቀው ውልና ማስረጃ ሄዶ የፈረመ ቀን ብቻ ነው። ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም፤ ቃለ ጉባኤ ሲያስፈልግ ጸሐፊ ጋ ተተይቦ ይፈረማል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የአንድ ሰው ማኅበርን ስለፈቀደ ለወረቀት ብሎ ሰው ማስገባት ዛሬ አያስፈልግም። ቀድሞ የገቡት ግን አሁንም እዚያው አሉ። ቀን ሲመጣ ያ የወረቀት ድርሻ እውነተኛ ድርሻ ይሆናል፤ ባለድርሻውም፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ፣ ትርፋችን የታለ ብለው የመጠየቅ ሙሉ መብት አላቸው።

እናት ሽማግሌ ሲሆኑ

ኑዛዜ ባለመኖሩ ከታወቁት የቤተሰብ ጠቦች አንዱ የሕንዱ ነው። ድሩባይ አምባኒ በወጣትነቱ ኤደን ውስጥ በቤስ ኩባንያ ተቀጥሮ ሠርቶ ሀገሩ ሲመለስ በክር ንግድ ጀምሮ ሪላያንስን የሕንድ ታላቅ የግል ድርጅት አደረገ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 ሲሞት ኑዛዜ አልነበረም። ታላቁ ልጅ ሙኬሽ ሊቀ መንበር፣ ታናሹ አኒል ምክትል ሆኑ። ማን ምን እንደሚይዝ የሚለው ጥያቄ ሳይነገር ሁለት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሙኬሽ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የባለቤትነት ጉዳዮች እንዳሉ ተናገረ፤ ሀገሩ ሁሉ የሁለቱን ወንድማማቾች ጠብ ያወቀው በዚያ ነው። በቤት ውስጥ ያልተነገረ ነገር በአደባባይ ወጣ።

ያስታረቋቸው እናታቸው ኮኪላቤን ናቸው። አንድ የታወቀ የባንክ ባለሙያ የክፍፍሉን ስሌት ሠራ፤ ቃሉን የሰጡት ግን እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2005 ልጆቻቸው መስማማታቸውን በስማቸው አስታወቁ። ዘይቱ፣ ጋዙና ፔትሮኬሚካሉ ለሙኬሽ፤ ቴሌኮሙ፣ ኤሌክትሪኩና የፋይናንስ ሥራው ለአኒል ደረሰ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ ሽምግልና የምንለው ነው።

ዕርቁ ጠቡን አበረደ፤ ሥራውን ግን አላስተካከለም። በስምምነቱ መሠረት የሙኬሽ ኩባንያ ለአኒል ኩባንያ ጋዝ በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጥ ነበር፤ መንግሥት ሌላ ዋጋ ሲተምን ወንድማማቾቹ ፍርድ ቤት ገቡ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ለሙኬሽ ሲፈርድ የጋዝ ዋጋ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ በቤተሰብ ስምምነት አይወሰንም የሚል ሐሳብ አሳረፈ። ከዚያ አኒል እየወደቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው ለኤሪክሰን ያለበትን ዕዳ ካልከፈለ እንደሚታሰር ፍርድ ቤት ባዘዘው ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት የደረሰለት ወንድሙ ነው። አኒል ወንድሙንና የወንድሙን ሚስት በአደባባይ አመሰገነ። ፍቅር ነበረ ማለት ነው። ከመጀመሪያው የጎደለው ፍቅር አልነበረም።

ሙኬሽ ከዚህ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ርክክብ በራሱ አንደበት ለሠራተኞቹ ተናገረ፤ በ2023 ሦስቱን ልጆቹን፣ ኢሻን፣ አካሽንና አናንትን፣ በባለአክሲዮኖች ድምፅ ወደ ዳይሬክተሮች ቦርድ አስገባ። እያንዳንዳቸው የተለያየ የሥራ ዘርፍ ይዘዋል። አባቱ ሳይናገር የሞተበት ልጅ የራሱን ልጆች በቁሙ እየተናገረ እያስረከበ ነው።

ሽምግልናን ዝቅ ለማድረግ አይደለም ይህን ማንሳቴ። ሽማግሌ የተሰበረ ልብ ይጠግናል፤ ፍርድ ቤት የማይችለውን ይችላል። ነገር ግን የሚጠራው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ሽማግሌው «ይቅር ተባባሉ» ብሎ ሲነሳ ከነገ ጀምሮ ቼክ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ጠቡ በሚቀጥለው ቼክ ይመለሳል።

ሦስት ወንበር

በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሬናቶ ታጂዩሪና ጆን ዴቪስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለቤተሰብ ድርጅት ቀላል ሥዕል ሠሩለት፤ ሦስት የተደራረቡ ክቦች። አንዱ ቤተሰብ ነው፣ ሁለተኛው ባለቤትነት፣ ሦስተኛው ሥራ። በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ፣ በሁለቱ ወይም በሦስቱም ውስጥ ነው፤ የሚፈልገው ነገርም ባለበት ቦታ ይወሰናል።

ሥዕሉን ቅድም ባየነው ቤት ላይ እናስቀምጠው። አባት ሦስቱም ውስጥ ናቸው፤ ለዚህ ነው ችግሩ ለእሳቸው የማይታያቸው። ትልቁ ልጅ ቤተሰብም ሠራተኛም ነው፣ ባለቤት ግን አይደለም፤ ላቤን ለማን ነው የማፈሰው ብሎ ያስባል። ዋሽንግተን ያለው ገንዘብ አስገብቷል፣ ሥራው ውስጥ የለም፤ የሚጠይቀው ሪፖርት ነው፣ ሪፖርት ሲጠይቅ ግን ወንድሙን የተጠራጠረ ይመስላል። ሒሳብ የምትሠራው ልጅ ቁጥሩን ሁሉ ታውቃለች፣ ውሳኔ ላይ ግን አትጠራም። የልጁ ሚስት ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ናት፤ ማታ ማታ ግን የባሏን ምሬት የምትሰማው እሷ ናት። ከዘመድ ውጭ የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ አባት ያዘዙትን ልጅ ሲሽረው የማንን እንደሚሰማ አያውቅም።

ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንዱ ክብ ውስጥ ያለ ጥያቄ በሌላው ክብ ቋንቋ ሲመለስ ነው። ልጁ የደመወዝ ጥያቄ ያነሳል፤ «ምን ጎደለብህ? ያሳደግንህ እኛ አይደለንም?» ይባላል። ይህ የቤተሰብ መልስ ነው፤ ጥያቄው የሥራ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የአስተዳደር ሥራ ሦስቱን ገንዘቦች መለየት ነው። ለሠራ ሰው ደመወዝ አለ፣ ሌላ ሰው ለዚያ ሥራ ቢቀጠር በሚከፈለው ልክ። ለባለቤት የትርፍ ድርሻ አለ፣ ቢሠራም ባይሠራም። ለተቸገረ ዘመድ ደግሞ እርዳታ አለ፣ ከቤተሰቡ ኪስ፣ በስጦታ ስም። ሦስቱ ከአንድ መሳቢያ ሲወጡ ማን ስንት እንደወሰደ አይታወቅም፤ ያልታወቀው ሁሉ ደግሞ ብዙ ይመስላል።

ቤተሰብንና ሥራን መለየቱን የጃፓኑ ኪኮማን በደንብ ይዞታል። ከቶኪዮ አቅራቢያ በምትገኘው ኖዳ የሞጊና የታካናሺ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአኩሪ አተር ሶስ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ዝምድና ያላቸው ስምንት ቤተሰቦች ፉክክራቸውን ትተው አንድ ኩባንያ መሠረቱ። ስምንት ቤት ያለው ኩባንያ በልጅ በልጅ ልጅ ቢሞላ አይገርምም ነበር። እነሱ ግን ከእያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ አንድ ሰው ብቻ ኩባንያው ውስጥ እንዲገባ፣ የገባውም ኃላፊ ለመሆን ዋስትና እንዳይኖረው ደነገጉ። ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ ሰዎች ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ደንቡ አንዳንድ ልጅ ሳያስከፋ አልቀረም፤ የተከፋው ግን በደንቡ እንጂ በአጎቱ አይደለም። የተጻፈና የጸና ደንብ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እምቢታን ከሰው ላይ ያነሳል።

ደንብ ማውጣት እናውቅበታለን

ይህ የውጭ ሰው ጉዳይ ነው፣ በኛ ባህል አይሠራም የሚል ድምፅ እሰማለሁ። አልስማማም። ኢትዮጵያዊ ስብሰባና ደንብ ያውቃል። የሰፈር እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በወሩ የተወሰነ እሑድ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ መዝገብ ይያዛል፣ ሒሳብ በአባላት ፊት ይመረመራል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፤ በእምነት ብቻ ሳይሆን በፊርማ ይሄዳል። አባወራው በእድሩ ስብሰባ ላይ የድንኳን ግዢ ሒሳብ በደረሰኝ ካልቀረበ ብለው ይሟገታሉ፤ የራሳቸውን ሱቅ ሒሳብ ግን ለልጆቻቸው አቅርበው አያውቁም። ችሎታው አለ። የቀረው ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ሲገባ እንዴት ይሆናል? ከትንሽ ይጀመራል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ቀድሞ ታውቆ፣ ቤተሰቡ ስለ ድርጅቱ ብቻ ለመነጋገር ይቀመጥ። የበዓል ምሳ ላይ አይሁን፤ ለቅሶ ቤትም አይሁን። ውጭ ያለው በስልክ ይግባ። አጀንዳ ይኑር፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚሻለው ታናሹ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ይሰማል፣ የሚሰማም ይማራል። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ውርስ አይነሳ። ድርጅቱ ምን አለው፣ ምን ዕዳ አለበት፣ ማን ምን ይሠራል የሚለው ብቻ ይነገር። በአባት ጭንቅላት ያለው የዱቤ መዝገብ ወደ ወረቀት የሚወርደው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ቀጥሎ ዝም የተባለባቸው ነገሮች ስም ይሰጣቸው። ከውጭ የተላከው ዶላር ብድር ከሆነ መቼ ይመለሳል፣ ድርሻ ከሆነ ስንት በመቶ ነው፣ ስጦታ ከሆነ ሰጪው ራሱ ስጦታ ነው ይበል። እናት ግማሽ ባለቤት ከሆኑ ግማሽ ባለቤት ተብለው ይቀመጡ። የወረቀት አባላት ወይ እውነተኛ አባል ይሁኑ ወይ በሕጉ መሠረት ይውጡ። ልጅ፣ አማች ወይም የወንድም ልጅ ለመቀጠር ምን ትምህርት፣ ሌላ ቦታ ስንት ዓመት ልምድ ያስፈልገዋል የሚለው አንድም ሰው ሳያመለክት በፊት ይወሰን። ሰው ካመለከተ በኋላ የሚወጣ ደንብ ደንብ አይባልም፤ በእሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ድርጅቱ ካደገ ከቤተሰቡ ውጭ አንድ ሁለት ሰው ያለበት ቦርድ ይቋቋም። የሥጋ ዝምድና የሌለው፣ ከድርጅቱም ምንም የማይፈልግ ሰው ለአባት «ይህ አያዋጣም» ሊል ይችላል፤ ልጅ ይህን ሲል ድፍረት ነው። ባንክም አዲስ ሸሪክም የሚያምነው ኦዲት የተደረገ ሒሳብና ስብሰባው በመዝገብ ያለ ድርጅት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2025 ሥራ ጀምሯል። በቃል የሚመራ ቤት በደንብ ከሚመራ ተወዳዳሪ ጋር አንድ ገበያ ላይ ሊቆም ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመሥራቹ ድርሻ ነው። ልጆች ይህን ንግግር መጀመር አይችሉም፤ ቢጀምሩት ሞት መመኘት ይሆንባቸዋል። እናት ብትጀምረው ለልጆቿ ወገነች ይባላል። በሩን መክፈት የሚችሉት መሥራቹ ራሳቸው ብቻ ናቸው። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ለልጆች ስንናገረው ኖረናል። ለአባቶችም ይሠራል። ጀምበር ሳለች ልጆቹን ሰብስቦ «ይህ የናንተም ነው፤ እስቲ እንነጋገር» የሚል አባት ሥልጣኑን አያጣም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻ የነበረውን ቃሉን ከዚያ በኋላም እንዲሠራ ያደርገዋል።

ሁሉም ልጅ ነጋዴ መሆን የለበትም። ከንግግሩ በኋላ ድርጅቱን ለመሸጥ የሚወስን ቤተሰብ ይኖራል፤ ለአንዱ ልጅ አስረክቦ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በጊዜ የሚከፍል ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ በባለቤትነት ብቻ የሚቀጥልም ይኖራል። ተነጋግረውበት እስከመጡ ድረስ ሦስቱም ክብር ያላቸው መንገዶች ናቸው። የሠላሳ ዓመት ልፋት ያለበትን ቤት በሐራጅ ማስታወቂያ ማየት ግን ለማንም አይገባም፤ ቀን ከሌት ለሠራው አባትም፣ ወንድሙን እየወደደ ለሚካሰሰው ልጅም፣ እንጀራው በዚያ ሱቅ ለሆነ ሠራተኛም።

ስለዚህ በዚህ ዘመን ሰው ለልጆቹ የሚተወው ሀብት ከነደንቡ ይሁን። ሱቁን ለመገንባት ሠላሳ ዓመት የታገሰ ነጋዴ፣ በሱቁ ጉዳይ ከልጆቹ ጋር ሦስት ሰዓት ለመቀመጥ ትዕግሥት አያጣም። የመጀመሪያውን ስብሰባ ቀን ዛሬ ይቁረጥ።